ለአባቴ፣ ስለ ሱረቱ ዐበሰ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ትልቁ የልጅ ልጅዎ ቁርኣንን ከመጨረሻው ምዕራፍ ከሱረቱ ናስ ተነሥቶ ወደ ላይ በቃሉ እየሐፈዘ ሱረቱ ዐበሰ ላይ ደርሷል፤ ታናሽየዋም ድምፁን እየተከተለች ግማሹን ይዛዋለች። በቀደም ምሽት ልጁ፣ አላህ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በመጽሐፉ ውስጥ ለምን እንደ ወቀሳቸው ጠየቀኝ።

እርስዎ ለተማሪዎችዎ ለደረሶቹ ሲተርኩት እንደ ሰማሁት ነገርኩት። ነቢዩ መካ ውስጥ የቁረይሽን ታላላቆች ወደ እስልምና ለማቅረብ ሲነጋገሩ፣ ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም አስተምሩኝ ብሎ መጣ፤ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ዞሩበት፤ ወቀሳውም ወረደ። ሰው የደረሰው መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ያስቀረው ነበር ይሉን ነበር፤ ከአላህ ለመምጣቱ እኔንም ከምልክቶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይኸው ነው። ዐይነ ስውሩ የፊታቸውን መኮሳተር አላየም፤ ቢሆንም ሳይመዘገብ አልቀረም።

እኔ ግን ዓይኔ ያይ ነበር፣ አባባ። የከተማ ነጋዴዎች ለዱዓ መጥተው የማስተማሪያ ቤትዎ ሐሪማው በሞላበት ዕለት፣ ያልገባኝን አንቀጽ ልጠይቅዎ የመጻፊያ ሰሌዳዬን ሎሄን ይዤ ስገባ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ፊትዎን ወደ እንግዶቹ አዞሩ፤ ደረሶቹም በሴት ልጅ ድፍረት ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን የምወስደው ወደ እናቴ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። አላህን እየፈራ ገሥግሦ ከመጣው ሰው መዘናጋትን የሚወቅሱትን ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉትን አንቀጾች እስከ ዛሬ ያንን ቀን ሳላስብ አላልፋቸውም።

ያስተማሩኝን አልክድም። ሰው ወደ ምግቡ ይመልከት የሚለውን የዚያኑ ሱራ ክፍል፣ ውሃው እንዴት እንደ ፈሰሰ፣ ምድር እንዴት እንደ ተሰነጠቀች፣ እህሉን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ የእንስሳቱን ሣር ሳይቀር፣ ከክረምት በኋላ የገብሱን ማሳ እያሳዩ በቃሌ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። ነገር ግን ሱራው የሚጀምረው ከማሳው አይደለም፤ ከሰው ፊት ነው። ነቢዩም ከዚያ ወዲህ ያን ሰው አክብረውታል፤ ለዘመቻ ሲወጡ መዲናን ለእሱ አደራ ሰጥተው ያውቃሉ፤ ከሐበሻው ቢላል ጋር ለሶላት የሚጠራ ሙአዚናቸው አድርገውታል። በረመዳን ሰው መብላቱን የሚያቆመው በእሱ አዛን ነበር፤ እሱ ስለማያይ ግን ሰዎች ነጋ፣ ነጋ ይሉት ነበር።

ወንድሜ ቁርኣኑን ገልጠው በቃልዎ እንደሚያነቡ፣ ለሱብሒ ሶላት ሲወጡም ደረጃው ላይ እንደ ተደናቀፉ ነግሮኛል። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል ብሏል። የአላህ ውሳኔ ነው ብለው እምቢ ማለትዎንም ሰማሁ፤ ነቢዩ ታከሙ ማለታቸውን ያስተማሩን ግን እርስዎ ነዎት። ሱራው ወደ መጨረሻው የሚያነሳውን፣ ሰው ከእናቱና ከአባቱ የሚሸሽበትን ቀን፣ ለልጁ ገና አላስረዳሁትም። ለዐረፋ ስመጣ ፊቴን እንዲያዩት እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን በደብዳቤ አልጽፈውም።

ወንድሜ ማክሰኞ ጠዋት መኪና ይዞ ይመጣል፤ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊወስድዎ ነውና አይመልሱት። የላክሁትንም ገንዘብ ለሐሪማው ጣሪያ እንዳያውሉት አደራ። የጣሪያውን ለብቻው እልካለሁ፤ ይህ የዓይንዎ ነው።

ልጅዎ