አዳዲስ የምርምር መጻሕፍት አንባቢያቸውን ቶሎ ያግኙ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በመገናኛ ብዙኃንና በተግባቦት ጥናት ዘርፍ ለታተሙ አዳዲስ መጻሕፍት ከእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ጋር ሰፊ ገጽ መስጠታችሁ በእጅጉ አስደስቶኛል። ከአጭር የጆርናል ጽሑፍ በተለየ፣ መጽሐፍ አጥኚው የሚያጠናቸውን ዜናዎች እንዴት እንደመረጠ፣ በምን መስፈርት እንደመደባቸው፣ ዜናዎቹን በየምድባቸው የሚለዩ ሁለት ሰዎች ባልተስማሙበት ጊዜም ምን እንዳደረገ በዝርዝር ለማስረዳት ቦታ ይሰጠዋል፤ እኔም አዲስ መጽሐፍ ሲደርሰኝ አስቀድሜ የምገልጠው ይህንኑ የአጠናን ዘዴ ምዕራፍ ነው።

ይሁንና ምረቃ ብቻውን መጽሐፍን ለአንባቢ አያደርስም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ዩርገን ሀበርማስ ስለ ሕዝባዊ የውይይት መድረክ አመጣጥና ለውጥ የጻፉት ጥናት በጀርመንኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1989 ነው። በእነዚያ 27 ዓመታት፣ ጀርመንኛ የማያነቡ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተመራማሪዎች ሙሉውን መከራከሪያ በቀጥታ ማንበብ አልቻሉም፤ ይህ ለዘርፉ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ስለዚህ ከእንኳን ደስ አላችሁ መልእክቱ ጎን ለጎን፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ገምጋሚ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም በግልጽ የሚጽፍበት፣ ተርጓሚዎችም ከደራሲውና ከአሳታሚው ፈቃድ አግኝተው አንድ ምዕራፍ የሚያቀርቡበት ቋሚ ዓምድ እንድትከፍቱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ