«የትኛው ክፍል?»፦ ለወላጆች ስልጠና መጽሐፋችን እጃችሁን ዘርጉልን

ሰላም ወገኖቼ፣ ብር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት ግን መጀመሪያ ምክንያቱን ስሙኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በነጻ የምንሰጠው የወላጆች ስልጠና አለ፣ እኛም በጎ ፈቃደኞች ነን፣ የሚመጡትም የሰፈር እናቶች አንዳንዴም አባቶች ናቸው (አባቶቹ በር ስር ነው የሚቀመጡት፣ ለማምለጥ እንዲመች መሰለኝ)። የምናስተምርበት ጽሁፍ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ፣ ያውም የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ስለሆነ ስዕሉ ጠቁሮ ህጻኑ የቱ ጋ አልጋው የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም።

ባለፈው «ልጁ ሲያስቸግር ወደ ክፍሉ ላኩትና ይረጋጋ» የሚለውን ጮክ ብዬ ሳነብ አንዷ እናት «የትኛው ክፍል?» አለች፣ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አምስት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። እኔም ስቄ ገጹን ገልብጬ አለፍኩ፣ ምን ልበላት?

የቅጣቱም ነገር እንደዛው ነው። መቀመጫው ላይ አትምቱት ይላል፣ በቃ። ቁንጥጫ፣ ማንበርከክ፣ ሲብስም በርበሬ ማጠን አንዱም ስላልተጠቀሰ ሰው «እኔማ አልመታም» ብሎ ተረጋግቶ ይሄዳል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ስንነግራቸውም ብዙዎቹ ገና መስማታቸው ነው። ስለ ስክሪን ደግሞ የሚያወራው ቴሌቪዥን ብቻ ነው፣ ዛሬ ልጅ የሚያለቅሰው ለስልክ ሆኖ እያለ! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክር ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ነው፣ ይሄም መግባት አለበት።

ስለዚህ እንደ አዲስ እየሰራነው ነው። ጽሁፉ አጭር ስዕሉ ትልቅ ይሆናል፣ ማንበብ ለማይችሉትም እያንዳንዱን ምዕራፍ በድምጽ ቀድተን በቴሌግራም እንልካለን። ከምግቡ ምዕራፍ አሮጌው ጽሁፍ ለልጅ አብሉ የሚለው ብሮኮሊ (የፈረንጅ አትክልት) ወጥቶ የአጃ ገንፎና እንቁላል ይገባል። አንድ ወጣት ሰዓሊ የመጀመሪያውን ስዕል አምጥቶ ነበር፣ እናትየው ከሰል ላይ ሽሮ ስታማስል ልጁ ቀሚሷን ይጎትታል፣ እናቶቹ ገና ሲያዩት «ከሰሉ ለልጁ ቀርቧል፣ አርቀው እንጂ!» ብለው ተቆጡት፣ ሄዶ አስተካክሎ መጣ።

ጽሁፉን እኛው በነጻ እንጽፋለን። ብር የጎደለን ለሰዓሊውና ለህትመት ነው። በፕሮፎርማው መሰረት 300 ኮፒ በከለር ለማሳተም አንዱ 250 ብር ይወጣል፣ ለሰዓሊው 35,000 ብር ሲጨመር ድምሩ 110,000 ብር ነው። የአንድ ኮፒም ቢሆን፣ የግማሽም ቢሆን እንቀበላለን። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ደረሰኙንም እንለጥፋለን። ብር የሌላችሁ ደግሞ ዲዛይን የምትችሉ፣ ጥሩ ድምጽ ያላችሁ፣ ወረቀት በቅናሽ የሚሸጥ ሰው የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

ማመን ያቃተው ካለ ቅዳሜ 8 ሰዓት አዳራሹ ክፍት ነው፣ መጥቶ አሮጌውን ጽሁፍ በዓይኑ ይየው።