የዩኒቨርሲቲ ምርጫህን ከመሙላትህ በፊት

ልጄ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነህ? አክስትህስ? ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ዝናቡ ገና አልለቀቀም፤ ብርዱም ያው እንደምታውቀው ነው።

በቴሌግራም የላክልኝን የግል ኮሌጅ ክፍያ ወረቀት አየሁት። አባትህም አየው። እሱ "በስልክ እንነጋገራለን" ብሎ ተወው። በስልክ ካወራን ግን አንተም "እሺ" ትላለህ፣ እኛም "እሺ" እንላለን፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ፣ ያመጣኸው ውጤት ቀላል አይደለም። በ2017ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 8.4 በመቶ ብቻ ነው። ሪሚዲያል የሚሉት ማካካሻ ትምህርት ሳትገባ በቀጥታ የምትመደብ ልጅ ነህ። ማሻአላህ። ይህን የምልህ ላሞግስህ ብቻ አይደለም። መንግሥት ቦታ እየሰጠህ ከፍለህ ልትማር ካሰብክ፣ ምን ትተህ እንደምትሄድ እወቀው ብዬ ነው።

አንተ የምትለው ገብቶኛል። የግል ኮሌጁ ኮምፒዩተር ሳይንስን ከመጀመሪያው ቀን ይሰጥሃል። መንግሥት ጋ ከገባህ ግን መጀመሪያ ፍሬሽማን የሚሉትን የጋራ ትምህርት ትማራለህ፤ ከዚያ ዲፓርትመንት በውጤትና በውድድር ነው። ላይደርስህ ይችላል። እውነትህን ነው። ጠንክረህ አንብብ ከማለት በቀር ለዚህ መልስ የለኝም።

ግን ሂሳቡን እንየው። የላክልኝ ወረቀት ላይ ያለው የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ነው። ስምንት ጊዜ አባዛው። መመዝገቢያ ጨምርበት። ታክሲ፣ ምሳ፣ ኢንተርኔት ጨምርበት። ክፍያው አራት ዓመት ሙሉ ባለበት ይቆያል ያለህ ሰው ካለ ደግሞ በጽሑፍ ይስጥህ። ማደሪያውን አክስቴ ጋ እሆናለሁ ብለሃል። አክስትህ ደግ ናት፣ እምቢ አትልህም። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አራት ዓመት እንግዳ መሆን ግን ለአንተም ይከብዳል፣ ለእሷም ይከብዳል። ይህን እሷ አትነግርህም፤ እኔ እህቷ ነኝ፣ እኔ ልንገርህ።

እኛ አገር ወላጅ ገንዘቡን ለልጁ አይነግርም። እኔ ግን ልነግርህ ወስኛለሁ፤ አባትህ ትንሽ አጉረመረመ እንጂ አልከለከለኝም። ሚኒባሱ የእሱ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ባለንብረቱ ድርሻውን ከወሰደና ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ለሹፌር የሚደርሰውን ነው ቤት የሚያመጣው። እኔ ከበርበሬና ከቅመሙ የማገኘው ጾምና ዓመት በዓል ሲደርስ ደህና ነው፤ በሌላው ጊዜ ይቀዘቅዛል። አስቤዛው፣ የቅሬ (የዕድር) መዋጮው፣ የእህቶችህ ትምህርት ቤት ከተከፈለ በኋላ በደህና ወር 5,000 ብር ይተርፈናል። በክፉ ወር ምንም። የኮሌጁ የአንድ ሴሚስተር ክፍያ የስድስት ደህና ወር ትርፋችንን ያህላል። ይህ እንግዲህ ማንም ሳይታመም፣ ሚኒባሱም ጋራዥ ሳይገባ ነው።

ሆዴ፣ ይህን ሰምተህ እንዳትከፋ። አብሽር። ድሆች ነን ለማለት አይደለም። ለአንተ ልናወጣው የምንችለው ስንት እንደሆነ አውቀህ እንድትመርጥ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ልንገርህ፤ የመንግሥቱም "ነፃ" የሚሉት ነፃ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት የሚባል አለ፤ እናንተ ኮስት ሼሪንግ የምትሉት። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ሊከፍል በየዓመቱ ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል፤ ማለቂያው ቢበዛ 15 ዓመት ነው። መምህር የሚሆን በአገልግሎት ይከፍላል። አውቃለሁ፣ ማስተማር አትወድም።

የምግብ በጀቱ ለተማሪ በቀን 22 ብር የነበረው በ2017 ወደ 100 ብር አድጓል። ለካፌው ጥሩ ነው፤ ምግቡ ግን ውሉ ውስጥ የሚገባ ነው። በካልኩሌተር መታሁት። በወር 3,000፣ በአሥር ወር 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ከምግብ ብቻ። የመጀመሪያ ደመወዝህ 12,000 ብር ቢሆን በወር 1,200 ይቆረጥብሃል። ምግቡን ብቻ ለመጨረስ 100 ወር ነው፤ ከስምንት ዓመት በላይ። መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ገና አልተነካም። ስለዚህ ያንን ውል ጓደኞችህ ሲፈርሙ አይተህ ዝም ብለህ አትፈርም። የተጻፈውን ብር አንብበው፣ ፎቶ አንሳው፣ በየዓመቱ አስቀምጠው። ኦሪጅናል ዲግሪህን ስትጠይቅ ይህ ጉዳይ ይነሳል።

ታዲያ ለምን ወደ መንግሥት ሂድ እላለሁ? ይህ ዕዳ ደመወዝ ሲኖርህ የሚጠየቅ ነው። የግሉ ግን መስከረም ሲጠባ፣ የካቲት ሲገባ፣ ይኑረን አይኑረን የሚጠየቅ ነው። አንድ ሴሚስተር ቢያቅተን ትምህርቱ በመሐል ይቆማል። እኔ የምፈራው እሱን ነው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው አጎትህም ከልጁ ጋር ይህንኑ ሲያሰላ ነበር የከረመው። እዚያ ፋፍሳ የሚባል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ፎርም አለ። የወላጅን ገቢ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተከፈለውን ግብር ሳይቀር ይጠይቃል። ከዚያ ኮሌጁ "ይህን ያህል ረዳንህ" ብሎ ደብዳቤ ይልካል። አጎትህ ደብዳቤውን ደጋግሞ ሲያነብ ከተጻፈው እርዳታ ግማሹ የማይመለስ ስጦታ፣ ግማሹ ግን ብድር ሆኖ አገኘው። እንዴት ብድር እርዳታ ይባላል እያለ በስልክ ሲስቅ ነበር። ልጅቷ አሁን ሁለቱን ዓመት ቤቷ አጠገብ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምራ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልትዛወር ነው። የመጀመሪያውን ኮሌጅ ስም ጠልታ አይደለም፤ ዋጋውን ነው ያየችው።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ ወሎ ዩኒቨርሲቲን አንደኛ አድርገህ ሙላ። ኢንጂነሪንጉም ኮምፒዩተሩም ኮምቦልቻ ካምፓስ ነው። 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሐረጎ ተራራ መንገድ እየተመላለስክ ተማር አልልህም፤ ክረምት ላይ ጉሙን ታውቀዋለህ። ዶርም እደር። ግን አባትህ በየቀኑ የሚሠራበት መስመር ነው። በሶውንም፣ ቆሎውንም፣ የታጠበ ልብስህንም እሱ ያደርስልሃል። ሩቅ ብትመደብ ለዓረፋና ለመውሊድ መምጫ የምታወጣው ትራንስፖርት ብቻውን ወጪ ነው፤ ማንም ክፍያ ወረቀት ላይ አይጽፈውም። ሁለተኛ ባሕር ዳርን አድርግ፤ ትምህርቱ ጥሩ ነው ይላሉ። ሦስተኛውን አንተ ምረጥ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፤ እሱን መሞከር ከፈለግህ አልከለክልህም። የሌሎቹ ምደባ ግን የትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ የሞላኸው ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም።

ዲፓርትመንቱ ባይደርስህስ? ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ኮምፒዩተሩን እስከዚያ በራስህ ጀምረው። የእቁቡን ዳኛ አስቸግሬ ተራዬን አስቀድማለሁ፤ ላፕቶፕ እገዛልሃለሁ። አዲስ ባይሆንም የሚሠራ። ከአባትህ ጋር ተስማምተናል።

ይህን ሁሉ ሰምተህ አሁንም ግሉን ካልክ አንድ ነገር አድርግልኝ። ከመክፈልህ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ ሄደህ እውቅናውን አጣራ። እውቅና የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት ዘርፉ ነው። ኮሌጁ በሌላ ቅርንጫፍ አለኝ ቢልህ አይጠቅምህም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ከመመረቅ በፊት የሚወሰድ የመውጫ ፈተና አለ፤ የግልም የመንግሥትም ተማሪ ያንኑ ይፈተናል። ያለፉ ተማሪዎቻቸው ስንት እንደሆኑ ጠይቃቸው። አባትህ "ሲጠየቁ ፊታቸውን እይ" ብሎሃል።

ፎርሙን ሳትልከው በፊት ደውል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ አባትህ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ ይቆይሃል። አክስትህን ሰላም በልልኝ፤ በርበሬዋን በሚመጣ ሰው እልክላታለሁ።

እናትህ