እናታችንን አብራችሁን ላስታመማችሁ ሁሉ

የእናታችን የጡት ካንሰር ወደ አጥንቷ ተሰራጭቶ፣ ወገቧ አላስነሳ ብሏት ባሕር ዳር ሆስፒታል በተኛችበት ወቅት ከጎናችን ለነበራችሁ ሁሉ፣ ከፈጣሪ በታች ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

ያን ሰሞን ቀኑን ሙሉ ታንቀላፋ ጀመር። ስትነቃም እኔን በሟች እህቷ ስም ትጠራኛለች። ውሃ በላይ በላዩ እየጠጣች ከንፈሯ ይደርቃል፤ እህል አስጠላት፣ ሆዷም ደረቀ። ጠያቂው ሁሉ «እንግዲህ ጸልዩላት» ነበር የሚለን።

እጅ የምነሳው በመጀመሪያ ለማታ ተረኛዋ ሲስተር ነው። «ይህ ጥም ደስ አላለኝም» ብላ ሽንቷ መብዛቱን ጠየቀችኝና ሌሊቱን ለዶክተሩ ነገረችልን። ደሟ ሲታይ ካልሲየሟ በዴሲሊትር ከ14 ሚሊግራም አልፏል። የጤነኛ ሰው ከ8.5 እስከ 10.5 ገደማ ነው።

ዶክተሩ በዚያ ሁሉ ሥራ መሀል ቁጭ ብሎ አስረዳን። ካንሰሩ አጥንቷን ሲበላው ካልሲየሙ ወደ ደም ይገባል፤ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ደግሞ ያብሰዋል፣ ሸክም ያጣ አጥንት እየሳሳ ይሄዳልና። የበዛው ካልሲየም አእምሮን ያደነዝዛል፣ ኩላሊትም ውሃ መያዝ ያቅተዋል። ኖርማል ሳላይን የሚሉት የጨው ውሃ በደም ሥሯ ተሰጣት፤ ኩላሊቷ ታይቶም ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል፣ የአጥንትን መበላት የሚገታ መድኃኒት ቀስ እያለ ገባላት። መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ ፈልገህ በማለዳው አውሮፕላን የላክህልን የአጎቴ ልጅ፣ ብድር መላሽ ያድርገኝ። ዶክተሩ «ከ2 እስከ 4 ቀን ታገሱት» ብሎን ነበር። እንዳለውም አንድ ጠዋት ዓይኗን ገለጠችና በስሜ ጠርታኝ «የዘጌው ቡና ተለቀመ?» አለችኝ። አክስቴ እልል ስትል ከክፍሉ ያሉ ሕመምተኞች ሁሉ ተቀበሏት።

አጥንቷ እንዳይሰበር እየተጠነቀቃችሁ አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀመጣችኋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ ከዘጌ በጀልባ እየመጣችሁ አዳሩን የተጋራችሁኝ የማኅበሯ እናቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ካንሰሩ አሁንም አለ፤ ይህ ካልሲየምም ሊመለስ ይችላልና ደሟ በየጊዜው ይታያል። እናንተም አስታማሚዎች፣ የካንሰር ታማሚያችሁ እንዲህ ቢፈዝባችሁ፣ ውሃ ውሃ ቢል፣ ሆዱ ቢደርቅ፣ «ካልሲየሙ ይታይልን» ብላችሁ ጠይቁ። ሕክምናዋን አሁንም ለምትከታተሉልን ሐኪሞችና ነርሶች ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ልጇ፣ ከባሕር ዳር