የቅጥር ፈተና ሒሳብ ማን ያለማምደን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ከረማችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፣ አምና ተመርቄ ስራ እየፈለግኩ ነው። ባለፈው ለቅጥር ፈተና ለሊት 10 ሰዓት ተነስቼ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ የሒሳቡ ክፍል ላይ ሰንጠረዥ ሳነብ ሰዓቱ አለቀና ግማሹን ሳልነካው ወጣሁ። በጣም ነው ያንገበገበኝ፣ ጥያቄው እኮ ፐርሰንትና ሬሾ ነው፣ ከ8ኛ ክፍል አያልፍም!

አሁን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ማታ ማታ በስልክ ሰዓት ይዘን እንለማመዳለን። አንዱን ልንገራችሁ፣ 500 ብር የነበረ እቃ 20 ፐርሰንት ጨምሮ መልሶ 20 ፐርሰንት ቢቀንስ ስንት ይሆናል? ቶሎ የሚመጣው 500 ነው፣ ግን መጀመሪያ 600 ይገባል፣ ቅናሹ ደሞ ከ600 ላይ ስለሆነ መልሱ 480 ነው። ይሄን ደጋግሞ ያልሰራ ሰው ሰዓት ሲያጣድፈው ይሸወዳል። ሰንጠረዡን ሙሉ ከማንበብ በፊት ጥያቄውን ማየት፣ ምርጫዎቹ የተራራቁ ከሆኑ በግምት ማስላት፣ ይሄን ግቢ እያለን ማንም አላሳየንም።

እባካችሁ በሳምንት አንዴ እንኳን ጥቂት ጥያቄ ከነአሰራሩ አውጡልን፣ መንዝና መርሃቤቴ ኔትወርክ የሚያስቸግረው ተመራቂም እጁ ይገባል።