የቁልቢ የብስክሌት ጉዞ ዝግጅት

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ቁልቢ ገብርኤል በብስክሌት የምንነሳው ታኅሣሥ 14 ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ እንገናኝ። በአዳማ፣ በአዋሽና በአሰበ ተፈሪ አድርገን ታኅሣሥ 18፣ በዋዜማው እንደርሳለን። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እስከ አዋሽ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ዋናው ፈተና ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ጨርጨር ተራሮች ስንወጣ ነው። እዚያ ማንም ማንንም ጥሎ አይሄድም። ቁልቢ ስንቃረብ መንገዱን በእግሩ የሚጓዘው ምእመን ስለሚሞላው ብስክሌታችንን እየገፋን ነው የምንገባው።

ፍሬናችሁን አደራ! ባለፈው ከእንጦጦ ስንወርድ የአንዱ ልጅ የፍሬን ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን ሲፍቀው ሁላችንም ሰምተናል። አዲስ አስገጥሙ። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ የራስ ቁርና ጋቢ ያዙ፤ ቁልቢ ሌሊቱ ይበርዳል። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ስንቃችን በሶና ቆሎ ይሁን። በሶ በጥብጬ ዳገት ወጥቼበታለሁ፣ ያዘልቃል።

የምትመጡ እስከ ኅዳር 30 ስማችሁን እዚሁ ጻፉ። አጃቢ መኪና እንከራይ ወይስ ዕቃችንን ራሳችን እንያዝ? ሐሳባችሁን ጨምሩበት። እኔ መኪናው ይኑር ባይ ነኝ።