ስማርት ከተማ ከቧንቧው ይጀምር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን ስለ «ስማርት ከተማ» ብዙ እየተወራ ነው። ወሬው ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ካሜራ፣ ዘመናዊ የመንገድ መብራትና ትልልቅ ስክሪን ነው። መጥፎ ነው አልልም። አምሽታ ለምትገባ ሴት መብራት ያለው መንገድ ትልቅ ነገር ነው። በጎጃም ከተሞቻችን ግን ወረፋ ይያዝ ከተባለ ቅድሚያ ለውሃ ይገባል ባይ ነኝ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እኛ ጋ ተረት ብቻ አይደለም። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስንቱን ወንዝ ያፈልቃል። በዙሪያው ባሉ ከተሞች ግን ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው።

የፈረቃ ኑሮን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እናት ማታ ከመተኛቷ በፊት ቧንቧውን ከፍታ ባዶ ባልዲ ከሥሩ ታስቀምጣለች። ውሃው ሲመጣ ባልዲውን ሲመታው እንድትነቃ ነው። መጀመሪያ አየር ይመጣል። ቧንቧው ያፏጫል፣ ቆጣሪውም በአየር ይዞራል። ውሃው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ይሁን 10 ሰዓት አይታወቅም። ጀሪካን በጀሪካን ስትሞላ ይነጋባታል፤ ጠዋት ደግሞ ልጆች ለትምህርት ቤት ይዘጋጃሉ፣ ሥራ አለ፣ ገበያ አለ። ሮቶ ያለው ቤት ተኝቶ ያድራል። የሌለው አይተኛም። ይህን የእንቅልፍ እጦት በሪፖርት ላይ አይቼው አላውቅም።

ለዚህ የሚበጀው አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። «ዛሬ ማታ ከ4 ሰዓት ጀምሮ እናንተ ሰፈር ውሃ ይለቀቃል» የሚል። ተራ ሞባይል ይበቃዋል፣ ዳታም አያስፈልገውም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማን ይረሳዋል? አፕ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አገልግሎት እንዲያ ያለ ቀን ሲመጣ ሜዳ ላይ ይጥላል።

በህንድ ሁብሊ-ዳርዋድ ኔክስትድሮፕ የተባለ ድርጅት ይህንኑ ሞክሮታል። ቫልቭ፣ ማለትም የመስመሩን መክፈቻና መዝጊያ፣ የሚከፍቱት ሠራተኞች ውሃውን ሲለቁ ስልክ ይደውሉ ነበር፤ ለሰፈሩ ነዋሪም ወዲያው መልእክት ይደርስ ነበር። ሥራው ወደ ባንጋሎር ሲሰፋ ግን አጥኚዎች አንድ ክፍተት አዩ። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ መረጃውን አይልኩም ነበር። ለኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ነገሩ ሁሉ የቆመው ቦት ጫማ አጥልቆ ጭቃ ውስጥ በሚገባው ሰው ላይ ነው። የካርድ ወጪው ካልተሸፈነለት፣ መደወሉ እንደ ሥራ ካልተቆጠረለት፣ ስንት ሚሊዮን ብር የወጣበት ሲስተም ቢገዛ ዋጋ የለውም። እባካችሁ ዕቅድ የምታወጡ ሁሉ ከሱ ጀምሩ። የትኛው ሰፈር በየትኛው ሰዓት እንደሚደርሰው ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ መሬት ውስጥ የሚጠፋው ውሃ ነው። የካምቦዲያዋ ፕኖም ፔን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ከምታመርተው ውሃ 72 በመቶው ገቢ ሳያስገኝ ይቀር ነበር። ከፊሉ ይፈስሳል፣ ከፊሉ ይሰረቃል። በኋላ ግን ብክነቱ ከ10 በመቶ በታች ወረደ። ያረጀ ቧንቧ ቀየሩ፣ ለሁሉም ቆጣሪ አስገቡ፤ መስመሩን በቀጠና ከፍለው በየቀጠናው የፍሰትና የግፊት መለኪያ ተከሉ። የአንዱ ቀጠና ቁጥር ከወትሮው ሲዛነፍ ጠጋኝ ቡድን ይወጣል። ከተማዋ ከረጅም ጦርነት የወጣች ድሃ ከተማ ስለነበረች «እኛ አቅም የለንም» የሚለው መልስ አያስኬድም።

እኛ ጋ አንድ ነገር ይለያል። ባለሙያዎች ቧንቧው የሚያፈስበትን ቦታ የሚፈልጉት ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ ነው። ሰው ተኝቶ ውሃው ከሄደ የሆነ ቦታ ተሰብሯል ማለት ነው። የኛ ሰው ግን ሌሊት ነው የሚቀዳው፣ ሮቶውም ሌሊት ነው የሚሞላው። ስለዚህ ወደ ቀጠናው የገባውን ውሃ ከየቤቱ ቆጣሪ ድምር ጋር ማስተያየት ግድ ይላል። ቆጣሪ አንባቢው ቁጥሩን በስልኩ እየመዘገበ ቢልክ ግማሹ ሥራ አለቀ።

መንገድ ለኮሪደር ልማት በተቆፈረበት ከተማ ሁሉ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው። አስፋልቱ ከመልበሱ በፊት የቀጠና መለኪያው ቢቀበር በኋላ እንደገና መቆፈር አይኖርም። የተቀበረው መስመርም በካርታ ይያዝ። የድሮው መስመር በየት እንደሚያልፍ የሚያውቁት ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ሠራተኞች ብቻ የሆኑበት ቦታ አለ። እነሱ ሲሄዱ ካርታውም አብሯቸው ይሄዳል። ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይዞ ከነሱ ጋር አንድ ሳምንት መዞር ምን ያህል ያስወጣል?

ነዋሪው ዝግጁ አይደለም የሚል ካለ ቴሌብርን ይመልከት። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስንቱ ተጠራጥሮት ነበር። ዛሬ የጉልት ነጋዴዋም *127# ደውላ ብር ትልካለች። ቧንቧ ሲሰበር የምንጠቁምበት እንዲህ ያለ ነፃ አጭር ቁጥር ይሰጠን፤ ጥቆማችን መድረሱንም በመልእክት ይንገሩን።

የየከተማው ምክር ቤቶች የሚመጣውን ዓመት በጀት ሲያጸድቁ ለመለኪያ፣ ለመልእክትና ለዚያ ቫልቭ ከፋች ሠራተኛ ስንት እንደተመደበ በይፋ ይንገሩን። ጋዜጣችሁም ይጠይቅልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከምሥራቅ ጎጃም